የእንግሊዝ ኤልን ከኬግ ወደ ጠርሙስ መቅዳት፦ ግፊቱ፣ ቅዝቃዜውና ስኳሩ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን በእንግሊዝ አገር ይኖራሉ፤ በቤታቸውም ቢራ ይጠምቃሉ። ፈልቶ ያለቀውን ቢተር፣ ማለትም የእንግሊዞቹን የዘወትር ኤል (ኤል የቢራ ዓይነት ነው)፣ 19 ሊትር በሚይዝ ኬግ፣ ግፊት በሚችል የብረት በርሜል፣ ገልብጠው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ካቀዘቀዙት በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በ30 ፒ.ኤስ.አይ. (ፒ.ኤስ.አይ. የግፊት መለኪያ ነው) ለሁለት ቀን ለቀውበታል። ወደ ጠርሙስ ሲቀዱት ግን ግማሹ አረፋ ሆኖ ይፈስሳል፤ የተረፈውም ከሳምንት በኋላ ሲከፈት ጋዙ ወጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ትክክለኛው ግፊት ስንት እንደሆነ፣ የጠርሙስ መሙያ መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋቸው እንደሆነ፣ በየጠርሙሱ ስኳር ቢጨምሩስ መፍትሔ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መሣሪያውን ለጊዜው ይተዉት፤ ስኳሩንም አሁን ባለው ቢራ ላይ ፈጽሞ አይጨምሩ። የገጠመዎት ችግር ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። አረፋ ማለት ከቢራው የወጣ ጋዝ ስለሆነ፣ እየገነፈለ የተቀዳ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ጋዙን ውጭ ጥሎ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ሲከፈት አረፋ አለማውጣቱም ከዚያው ይመጣል። እንዲገነፍል ያደረገው ደግሞ በዋናነት ከመጠን ያለፈው ግፊት ነው።

በቢራ ውስጥ የሟሟ ጋዝ የሚለካው በቮልዩም ነው። በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለው ጋዝ ወጥቶ በዜሮ ዲግሪና በባሕር ወለል የአየር ግፊት ሲለካ አንድ ሊትር ቦታ የሚይዝ ከሆነ፣ ያ ቢራ አንድ ቮልዩም አለው ይባላል፤ በክብደት ወደ 2 ግራም ይጠጋል። ላገር የሚባሉት ቢራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ2.4 እስከ 2.7 ቮልዩም ይይዛሉ። በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ምድር ቤት ካለው በርሜል በእጅ ፓምፕ እየተሳበ የሚቀዳው ኤል ግን ከ1.0 እስከ 1.3 ቢደርስ ነው፤ በጠርሙስ የሚዘጋጀው ከዚያ ከፍ ብሎ ከ1.5 እስከ 2.2 ባለው መካከል ይገኛል። የእርስዎ ኬግ በ4 ዲግሪ ላይ ሆኖ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ጋዝ እስኪጠግብ ድረስ ቢተው ከ4 ቮልዩም በላይ ይደርሳል። በሁለት ቀን እዚያ አይደርስም፤ ነገር ግን ለቢተር ከሚገባው ማለፉ አይቀርም፣ ምን ያህል እንዳለፈ ደግሞ በግምት መናገር አይቻልም። ይህ በከፍተኛ ግፊት የማጣደፍ ዘዴ ብዙ ጋዝ ለሚፈልግና ቶሎ ለሚጠጣ ቢራ የተዘጋጀ ነው። ትንሽ ጋዝ ለሚበቃው ኤል ግን፣ በበቂው መጠንና በተረፈው መካከል ያለው ጊዜ የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ ስለሆነ፣ እኔ ለማንም አልመክረውም።

እንግሊዞች በዚህ ነገር ጠንከር ያለ አቋም ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ትላልቆቹ ጠማቂዎች እንደ ዋትኒስ ሬድ ባረል ያሉ፣ ተጣርተውና በሙቀት ታክመው ጋዝ የተሞሉ የኬግ ቢራዎችን በየመጠጥ ቤቱ ሲያዳርሱ፣ የቀድሞው በበርሜል ውስጥ የሚበስል ኤል ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ካምራ የተባለው የጠጪዎች ማኅበር በ1971 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውም ይህን ለመቃወም ነው። ማኅበሩ እውነተኛ ኤል የሚለው በሚቀዳበት ዕቃ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈላውንና ከውጭ የገባ ጋዝ የሌለበትን ነው። ለቤት ጠማቂ ይህ የሃይማኖት ያህል ሊከብድ አይገባም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሲሊንደር ቢመጣም ከእርሾ ቢመጣም ያው ነው፤ የሚለየው መጠኑና፣ በኋላ እንደምመለስበት፣ እርሾው ከጋዙ ሌላ የሚሠራው ሥራ ነው። የመጠኑ ነገር ግን በምላስ የሚታወቅ ነው። ቢተር አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4.5 በመቶ የሆነ ቀለል ያለ ቢራ ነው። ጋዙ ሲበዛበት እንደ አምቦ ውሃ ምላስ ይነድፋል፤ ያን ጊዜ የማሪስ ኦተር ብቅል የብስኩት ጣዕምም ሆነ የኢስት ኬንት ጎልዲንግስ ሆፕስ (ሆፕስ እንደ ጌሾ ቢራውን የሚያመርረው ተክል ነው) ለስላሳ መዓዛ ከዚያ ንድፊያ በታች ተደብቆ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ጠርሙስ ለሚገባ ቢተር ኬጉ ውስጥ ከ1.8 እስከ 2.0 ቮልዩም ያለውን መጠን ዒላማ ያድርጉ። በመቅዳት ጊዜ፣ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ፣ ጥቂት ጋዝ ስለሚጠፋ ወደ 2.0 መጠጋቱ ይሻላል። ቢራው በ20 ዲግሪ ገደማ የፈላ ከሆነ ኬግ ውስጥ ሲገባ ቀድሞውኑ 0.85 ቮልዩም ያህል ጋዝ ይዟል፤ ስለዚህ የሚጎድለው ብዙ አይደለም። በ4 ዲግሪ ላይ 1.8 ቮልዩም ለማግኘት 0.3 ባር (ባር ሌላው የግፊት መለኪያ ነው)፣ 2.0 ለማግኘት ደግሞ 0.45 ባር፣ ማለትም 6.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይበቃል። ኬጉ የሚቀመጠው በምድር ቤት ሙቀት፣ በ12 ዲግሪ፣ ከሆነ ለዚያው ለ2.0 ቮልዩም 0.9 ባር ያስፈልጋል፤ ፈሳሽ በሞቀ ቁጥር ጋዝ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ነው። ግፊቱን በዚህ አስተካክለው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቢተዉት ቢራው የሚገባውን ያህል ወስዶ ራሱ ያቆማል። የቸኮለ ሰው ኬጉን በጎኑ አጋድሞ፣ ሬጉሌተሩን፣ ማለትም የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ፣ ከዚያው ከ0.45 ባር ሳያንቀሳቅስ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንከባለለ ሊወዘውዘው ይችላል። ጋዙ ሲገባ የሚሰማው የሲሊንደሩ ሲርታ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ ሲል ቢራው ጠግቧል። ግፊቱ ከዒላማው ከፍ ስላላለ ምንም ያህል ቢወዘወዝ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሙሉ ቀን በብርድ ማረፍ አለበት፤ የተናወጠ ቢራ ወዲያው ከተቀዳ መገንፈሉ አይቀርም።

በዚህ አጋጣሚ አዲስ አበባ ሆነው ይህን ለሚያነቡ ጠማቂዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ ያሉት የግፊት ቁጥሮች ሁሉ ለባሕር ወለል የተሰሉ ናቸው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በ0.25 ባር ገደማ ስለሚያንስ፣ የሬጉሌተሩ ጌጅ ደግሞ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ 0.45 የተባለው እዚያ ወደ 0.7 ባር ከፍ ማለት አለበት። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ፈልቶ ያለቀው ቢራ ራሱ የያዘው ጋዝ እዚያ ከ0.85 ይልቅ ወደ 0.65 ቮልዩም ይጠጋል።

ወደ እርስዎ ኬግ እንመለስና፣ ጠርሙስ የመሙላቱን ሥራ አቁመው መጀመሪያ ያለውን ጋዝ ይለኩ። የጋዙን መስመር ይንቀሉ፤ በጋዝ መግቢያው ላይ የሚገጠም አነስተኛ የግፊት መለኪያ ያስገቡ፤ ኬጉን በደንብ ወዝውዘው ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም ያንብቡ። በ4 ዲግሪ 0.45 ባር ካሳየ 2.0 ቮልዩም፣ 0.6 ካሳየ 2.2፣ 1 ባር ካሳየ ደግሞ 2.7 ገደማ አለዎት ማለት ነው። ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ከውድ መሙያ መሣሪያ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቢራው ውስጥ ያለውን በትክክል የሚናገር ሌላ ነገር በቤት ውስጥ የለምና።

ያለፈውን ለመቀነስ በክዳኑ ላይ ያለውን የማስተንፈሻ ቫልቭ ከፍተው ግፊቱን ይልቀቁ፤ ዘግተው ጥቂት ይወዝውዙት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፈው እንደገና ያስተንፍሱ። ወዝውዘው ወዲያው ከከፈቱት ቢራው ራሱ በቫልቩ በኩል ይገነፍላል። ይህን እየደጋገሙ በመካከል ይለኩ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ወደሚፈልጉት መጠን ይወርዳል። ክፍሉ ጠባብና የተዘጋ ከሆነ መስኮት ይክፈቱ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ ስለሌለው መከማቸቱ አይታወቅም። ሲሊንደሩንም ያለ ሬጉሌተር በምንም ሁኔታ ከኬጉ ጋር አያገናኙት፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት በውስጡ ያለው ግፊት ወደ 57 ባር ይደርሳል፣ ኬጉ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም።

የመቅዳቱ ሥራ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ጠርሙሶቹን አጥበው፣ መታጠብ በማያስፈልገው እንደ ስታር ሳን ባለ የማምከኛ አሲድ አርጥበው፣ አፋቸውን ሸፍነው ኬጉ ባለበት ማቀዝቀዣ ያሳድሯቸው። በቤት ሙቀት ላይ ያለ ደረቅ ጠርሙስ ቢራውን በሁለት መንገድ ያስገነፍለዋል፦ መስታወቱ ሲያሞቀው ጋዝ የመያዝ አቅሙን ይቀንሳል፤ የደረቀው ገጽም ለአረፋዎቹ መፈጠሪያ ነጥብ ይሆናል። የቀዘቀዘና የረጠበ ጠርሙስ ብቻውን ከአረፋው ብዙውን ያስቀራል። ቆርኪዎቹንም በዚያው ማምከኛ ነክረው በእጅዎ አጠገብ ያስቀምጡ። የጠርሙሱ ቀለም ቡናማ ይሁን፤ በጠራ ወይም በአረንጓዴ መስታወት የሚያልፈው ብርሃን የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ለውጦ የሚከረፋ የድኝ ሽታ ያመጣል።

በማግሥቱ የጋዙን ምንጭ ይዝጉና ኬጉን አስተንፍሰው ሬጉሌተሩን ከ0.15 እስከ 0.2 ባር ባለው ዝቅተኛ ግፊት ይክፈቱት። ቢራውን ለመግፋት ይህ ይበቃል፤ ለአንድና ለሁለት ሰዓት በዚህ ግፊት መቆየቱም ከቢራው የሚያወጣው ጋዝ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከኬጉ የሚወጣው ቱቦ ቀጭን፣ ውስጡ 5 ሚሊሜትር ያህል፣ ርዝመቱም 2 ሜትር ገደማ ቢሆን ግፊቱ በመንገድ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ባለው በእጅ ተጫኖ በሚከፈተው የፕላስቲክ ቧንቧ አፍ፣ እስከ ጠርሙሱ ወለል የሚደርስ ጠንካራ የፕላስቲክ ወይም የብረት ቱቦ ያስገቡ። በዚህ ቱቦ ላይ መካከሉ የተበሳ የጎማ ውታፍ ያጥልቁበት፤ ውታፉ የጠርሙሱን አፍ የሚገጥም መሆን አለበት። ጠቅላላው መሣሪያ ይኸው ነው፤ ከ2.0 ቮልዩም በታች ላለ ኤል ሌላ አያስፈልግም። እንደ ስንዴ ቢራ ያለ ብዙ ጋዝ የሚይዝ ነገር የሚያሽጉ ከሆነ ግን በጋዝ ግፊት የሚሞላው መሣሪያ ዋጋውን ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ብርጭቆ ቢራ ቀድተው ይድፉት፤ ከኬጉ ወለል የተጠራቀመው የእርሾ አተላ የሚወጣው በእርሱ ነው፤ ቱቦውንም ያቀዘቅዘዋል። ሌላ የጋዝ መስመር ካለዎት ጫፉን ወደ ጠርሙሱ ወለል አድርሰው ለጥቂት ሰከንዶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቀቁበት፤ አየሩ በከፊል ይወጣል። ከዚያ ቱቦውን እስከ ወለሉ አስገብተው ውታፉን በአፉ ላይ ጫን ያድርጉና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ብዙ ሰው አረፋውን የሚቀንስ መስሎት ቧንቧውን በግማሽ ይከፍታል፤ ይህ ቢራው በጠባብ ቀዳዳ እንዲምዘገዘግ ስለሚያደርገው አረፋውን ያባብሰዋል። ቢራው ከታች ወደ ላይ ሲሞላ በውታፉ የታፈነው ጋዝ ይጠቀጠቃል፤ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያለው ግፊት ሲመጣጠንም ፍሰቱ ይቆማል። በዚህ ጊዜ የውታፉን አንድ ጠርዝ በአውራ ጣትዎ በትንሹ ገፋ ሲያደርጉት ጋዙ በቀጭኑ እየተነፈሰ ቢራው በእርጋታ ይወጣል። ጣትዎን ሲያነሱ እንደገና ይቆማል። ሙላቱን የሚቆጣጠረው እንግዲህ ቧንቧው ሳይሆን ጣትዎ ነው፤ ከሁለት ሦስት ጠርሙስ በኋላ እጅ ይለምደዋል።

ቢራው ወይም ቀጭን አረፋው ጠርሙሱ አፍ ጋ ሲደርስ ቧንቧውን ዘግተው ቱቦውን ያውጡ፤ የቱቦው ቦታ ሲለቀቅ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ይተርፋል፣ ይህም ተገቢው ነው። ባዶ ቦታው በአየር መሞላት ግን የለበትም። ቱቦው ሲወጣ አረፋ ካልተነሣ ጠርሙሱን በጎኑ በቀስታ መታ መታ ያድርጉት፤ አረፋው አፉን ሞልቶ ሊፈስስ ሲል ቆርኪውን በላዩ ጭነው ወዲያው ያሽጉ። ዋናው ቁም ነገር ኦክስጅን ነው፤ ጋዙ በትክክል ተሞልቶም ቢሆን ኦክስጅን የገባበት ኤል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሆፕሱ መዓዛ ይጠፋና የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። የትኛውም የቤት አሞላል ደግሞ ኦክስጅንን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

የስኳሩ ጥያቄ የሚመለሰውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ጠርሙሱ ለምን ያህል ጊዜ እንዲቆይ ይፈልጋሉ? ለግብዣ ወይም ለወዳጅ ስጦታ ሆኖ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ የሚጠጣ ከሆነ ከላይ እንዳልኩት ከኬጉ ቀድተው፣ ያለ ስኳር አሽገው፣ በማቀዝቀዣ ያኑሩት። ለወራት የሚቆይ ከሆነ ግን ቢራውን ጋዝ ከመሙላትዎ በፊት በስኳር ጠርሙስ ውስጥ እንዲፈላ ማድረጉ ይሻላል፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ ጋዝ ሲሠራ በማሸግ ጊዜ የገባውን ኦክስጅን አብሮ ይወስዳል። ይህ ነው ቅድም ሌላ ሥራ ያልኩት። ካምራ ሲመሠረት በብሪታንያ በዚህ መንገድ ጠርሙስ ውስጥ የሚበስሉ ቢራዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ዎርዚንግተን ዋይት ሺልድ ከእነዚያ አንዱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ሊትር ቢራ 4 ግራም ተራ ስኳር አንድ ቮልዩም ያህል ጋዝ ይሰጣል። በ20 ዲግሪ የፈላና ጋዝ ያልተሞላ ቢራ 0.85 ስላለው፣ 2.0 ለመድረስ በሊትር 4.5 ግራም ገደማ ይበቃል። አሁን ያለዎት ቢራ ላይ አይጨምሩ ያልኩትም በዚሁ ስሌት ነው። በግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም ከ4 እስከ 5 ግራም ቢጨምሩ፣ ቀድሞ 2.0 ቮልዩም ባለው ቢራ ላይ ሌላ ሁለት ቮልዩም ይደርባል፤ በቤት ሙቀት ግፊቱ 3.5 ባር ይደርሳል። ስስ የሆነ የአንድ ጊዜ ጠርሙስ ይህን ላይችለው ይችላል፤ ሲፈነዳም ስብርባሪው ሰው ይጎዳል። ፍላቱ በእርግጥ ማለቁንም ያረጋግጡ፤ የሃይድሮሜትሩ (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያው) ንባብ በተከታታይ ቀናት ካልተለወጠ በስተቀር ምንም ቢራ በጠርሙስ አይታሸግ።

ለእንግሊዝ ኤል እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው፤ ስኳሩን በየጠርሙሱ ሳይሆን በኬጉ ውስጥ ማድረግ። ለ19 ሊትር ከ70 እስከ 75 ግራም ስኳር በጥቂት ውሃ አፍልተውና አብርደው ኬጉ ውስጥ ይጨምሩ፤ ቢራውን በላዩ ያስገቡና ይዝጉ፤ ወደ 1.8 ቮልዩም ያደርሰዋል። የዚህ ዓይነት ኬግ ክዳን የሚገጥመው ከውስጥ በሚገፋው ግፊት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ 0.7 ባር ያህል ጋዝ ለቀው ጎማው ቦታውን እንዲይዝ ማድረግ አለብዎት። ያለዚያ እርሾው የሚሠራው ጋዝ በክዳኑ ዙሪያ ሹልክ እያለ ይወጣና ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንም አያገኙም። ክዳኑ እንደያዘ የላዩን ጋዝ በማስተንፈሻው ይልቀቁ። በ18 እስከ 20 ዲግሪ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይቆይ፤ ከዚያ ጥቂት ቀናት በማቀዝቀዣ ሲቀመጥ የእንግሊዝ እርሾዎች አብዛኞቹ ቶሎ ስለሚዘቅጡ ቢራው ይጠራል። አተላው ኬጉ ወለል ላይ ስለሚቀር ወደ ጠርሙስ የሚገባው ጥርት ያለ ነው፤ ጋዙም በመለኪያው ታይቶ፣ ካነሰ ከሲሊንደሩ ተጨምሮ፣ ከበዛ ተስተንፍሶ ይስተካከላል።

ከታሸጉት አንዱን በማግሥቱ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይክፈቱ። ሁለቱም ደካማ ከሆኑ ጋዙ የጠፋው በመቅዳት ጊዜ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የኬጉን መጠን በ0.2 ቮልዩም ከፍ ያድርጉት። የማግሥቱ ደህና ሆኖ የሁለት ሳምንቱ ከደከመ ቆርኪው በደንብ አልተጨመቀም፤ ማሸጊያውን ይመልከቱ። የኋለኛው ከፊተኛው ይልቅ የሚገነፍል ከሆነ ግን ወይ ፍላቱ አላለቀም፣ ወይ ጠርሙሱ አልመከነም፤ የቀሩትን ወዲያው ወደ ብርድ አስገብተው ቶሎ ይጠጧቸው። ሲጠጡም ከማቀዝቀዣው አውጥተው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ቢተር በ4 ዲግሪ ጣዕሙ አይታወቅም።